ርካሹ ማዶ ነው

ሞያሌ ላይ ርካሽ ነገር ምንጊዜም የሚገኘው ከማዶ ነው። በኢትዮጵያው ሞያሌ ቆማችሁ ስለ ብርድ ልብስ ብትጠይቁ፣ «እሱማ ኬንያ ነው፤ በነፃ በሉት» ትባላላችሁ። ኬላውን ተሻግራችሁ ኬንያው ሞያሌ ስትደርሱ ደግሞ ባለ ሱቁ የሽንኩርት ክምሩን እያሳየ፣ «ይሄ እኮ ኢትዮጵያ ሜዳ ላይ ወድቆ ነው ያለው» ብሎ ወደ መጣችሁበት ይጠቁማችኋል። ሁለቱም አይዋሹም። ሁለቱም ግን ሂሳቡን እስከ መጨረሻው አያወርዱትም።

ጠዋት ኬላው አጠገብ ለቆመ ሰው ትርዒቱ ክፍያ የለውም። ከኢትዮጵያ በኩል የሚሻገረው ሸበጥ፣ የፕላስቲክ ሳህን፣ ሳሙና፣ ብርድ ልብስ፣ ስልክ ሊገዛ ነው። ከኬንያ በኩል የሚመጣው ጤፍና ቦሎቄ ሊሸምት፣ በዚያውም ጥብስ በእንጀራ በልቶ ማኪያቶ ሊደግም ነው። መሀል ላይ ይተላለፋሉ። ሲተላለፉም አንዱ ሌላውን በአዘኔታ ያየዋል፤ «ምስኪን! ርካሹን ጥሎ ውዱን ሊገዛ ይሄዳል» የሚል አዘኔታ። ኢትዮጵያ ውስጥ መኪና በቀኝ፣ ኬንያ ውስጥ በግራ ስለሚነዳ ሾፌሩ እዚህ ሲደርስ ጎን ይቀይራል። ሸማቹ ግን የሚቀይረው ነገር የለም፤ በየትኛውም ጎን ቢሄድ «ማዶ ይሻላል» እንዳለ ይሻገራል።

መሻገሩ ራሱ ቀሏል። ኅዳር 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድና የያኔው የኬንያ ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ ሞያሌ ድረስ መጥተው የጋራውን የድንበር መቆጣጠሪያ ጣቢያ መርቀዋል፤ የሐዋሳ፣ ሀገረ ማርያም፣ ሞያሌ መንገድም በዚያው ጉዞ ተመርቋል። በወዲያኛው በኩል ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት ከመሆኑ በፊት ናይሮቢ ለመድረስ በጭነት መኪና ላይ ቀናት ይፈጅ ነበር። እነዚህ ሁሉ የታሰቡት ለትልልቁ ንግድ፣ ለኬንያው የላሙ ወደብ መስመር፣ ለክፍለ አህጉሩ ትስስር ነው። እኛ ግን ወዲያው የተረጎምነው «ብርድ ልብስ ቀረበ» ብለን ነው።

ከአዲስ አበባ ሞያሌ ከ770 ኪሎ ሜትር ያላነሰ መንገድ ነው። ሐዋሳ፣ ዲላ፣ ቡሌ ሆራ፣ ያቤሎ፣ ሜጋ እያሉ መውረድ ነው። ሰው በአውቶቡስ ተሳፍሮ፣ መንገድ ላይ አድሮ፣ የአልጋ ከፍሎ፣ ሁለት ቀን ቁርስና ምሳ ሆቴል በልቶ ሲያበቃ፣ የገዛው ሸቀጥ ከመርካቶው በጥቂት መቶ ብር ቢያንስ ይህን ትርፍ ብሎ ይመዘግበዋል። ትራንስፖርቱና አልጋው ሌላ መዝገብ ነው። «እሱማ ለጉዞው ነው» ይላል። ጉዞውስ ለምን ነበር? «ርካሽ ዕቃ ልገዛ።» በዚህ የሂሳብ አያያዝ ኪሳራ የሚባል ነገር በዓለም ላይ አይኖርም።

ኬንያው ሞያሌ ውስጥ አንዲት ባለ ሱቅ እናት አማርኛን በቦረናኛ ቃና እያሳመሩ ከአዲስ አበባ የመጣ ጎረምሳ ጋር ሲከራከሩ ሰምቻለሁ።

«ማማ፣ የመጨረሻ ስንት ነው?»

«የመጨረሻውን ነው የነገርኩህ፣ ልጄ።»

«እንዴ! ይሄማ መርካቶም ያው ነው።»

«መርካቶ ያው ከሆነ ታዲያ እዚህ ድረስ ምን አመጣህ?»

ጎረምሳው መልስ አልነበረውም። ሁለት ገዛ።

አንዱን ብቻ ቢገዛ ሽንፈቱን ማመን ይሆንበት ነበር። ሁለት ሲሆን ግን ነገሩ «ሸመታ» ይባላል። ደግሞስ ሰባት መቶ ኪሎ ሜትር ተጉዞ ባዶ እጁን የሚመለስ ሰው ሰፈር ውስጥ ምን ይባላል? ርካሽ ፍለጋ የወጣ ሰው ሳይገዛ የመመለስ መብቱን መናኸሪያ ላይ ጥሎ ነው የሚሳፈረው።

ኬንያ እንግሊዝኛ የሥራ ቋንቋዋ በመሆኑ የርካሽ ማስታወቂያውም ብዙውን ጊዜ በዚያው ቋንቋ ነው፤ በየሱቁ በር «ኦፈር! ኦፈር!» ይላል። ዋጋው እጅግ ወረደ ለማለት ደግሞ እንግሊዞች «ደርት ቺፕ» የሚል አነጋገር አላቸው፤ እንደ አፈር፣ እንደ ጭቃ የረከሰ እንደ ማለት ነው። አፈር የትም አለ፣ ማንም አይሰርቀውም፣ ከጫማ ላይ ይራገፋል። አባባሉ እነሱ ጋ ገና ሳይወለድ ግን ሮማውያን በላቲን ይሉት ነበር። በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ፔትሮኒየስ «ሳቲሪኮን» በተባለው ድርሰቱ ውስጥ እራት ላይ የተቀመጠ አንድ ሰውዬ ያሳየናል። ሰውዬው ሳያቋርጥ ያማርራል፤ የከተማው ሹሞች ከዳቦ ጋጋሪዎች ጋር ተሻርከው ሕዝቡን እያስራቡት መሆኑን፣ ድሮ ግን እህል በጭቃ ዋጋ ይገኝ እንደነበር ይተርካል። ስሙን ቀይራችሁ ካዛንቺስ አንድ ቡና ቤት ብታስቀምጡት ማንም እንግዳ ነው ብሎ አይጠረጥረውም። «በጃንሆይ ጊዜ አንድ ሙክት በስንት ነበር መሰላችሁ?» ብሎ የሚጀምረው የሰፈራችን አዛውንት ሁለት ሺህ ዓመት ያስቆጠረ የሮማ ዘመድ አለው ማለት ነው። የሮማው ሰውዬ ደመወዙ በዚያ ዘመን ስንት እንደነበር አይናገርም። የእኛውም አይናገርም።

እንግሊዞች ሌላም አላቸው፤ ውድ ነገር በወደቀ ዋጋ ሲሸጥ «ለዘፈን ሄደ» ይላሉ፤ ዘፈን ዋጋ የለውም ለማለት። ይህን ያወጣው ሰው አዝማሪ ቤት ገብቶ እንደማያውቅ ግልጽ ነው። አዝማሪ ስሙንና የአባቱን ስም እየጠራ አንድ ጊዜ ቢያሞግሰው፣ ዘፈን ስንት እንደሚያወጣ በባዶ ኪሱ ይማር ነበር።

አፈር ራሱ በርካሽ የተሸጠበትን ጊዜ ካነሣን ደግሞ ሩቅ መሄድ የለብንም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1869 ጁሴፔ ሳፔቶ የተባለ የቀድሞ ሚሲዮናዊ ሩባቲኖ ለተባለው የጣሊያን የመርከብ ኩባንያ ወደብ እየፈለገ አሰብ ደረሰ። ከአካባቢው ሱልጣኖች ጋር የተዋዋለበት ዋጋ 6,000 ማርትሬዛ ብር ነበር። ገና ከ13 ዓመት በኋላ፣ በ1882፣ የጣሊያን መንግሥት ከኩባንያው ተረከበው፤ በ1890 ኤርትራ የሚባል ቅኝ ግዛት ታወጀ። ሻጮቹ ያን ዕለት ጥሩ ገበያ ያገኙ መስሏቸው ሊሆን ይችላል፤ አሸዋ ሸጠው ብር ተቀብለዋልና። ስለ ወደብ በየቡና ቤቱ ለሚከራከር ሁሉ የዚያን ቀን ሂሳብ ማስታወስ አይከፋም።

ወደ ገበያችን እንመለስ። የሞያሌ ሻጭ፣ በየትኛውም ጎን ይሁን፣ ሁሌ እየከሰረ ነው የሚሸጠው። በስዋሂሊ «ቤይ ያ ሀሳራ»፣ የኪሳራ ዋጋ፣ እያለ ይጮሃል፤ በአማርኛ «በመጣበት ውሰደው» ይላል። ለመክፈቻ ይከስራል፤ ለመዝጊያ ይከስራል፤ ለእናንተ ሲል ይከስራል፤ ዝናብ ስለመጣ፣ ዝናብ ስለቀረ ይከስራል። እንዲህ ለዓመታት ሲከስር ቆይቶ ሁለተኛ ሱቅ ይከፍታል። ገዢውም ከሱ አያንስም። ዋጋ ሲነገረው ያልሰማ ሰው ይመስላል፤ ዕቃውን ገልብጦ ያየዋል፤ ፊቱን ያጨፈግጋል፤ ሦስት እርምጃ ሄዶ ይጠራኛል ብሎ ጆሮውን ወደ ኋላ ይጥላል። ካልተጠራ ችግር ነው፤ መመለሻ ምክንያት መፍጠር አለበት። «ቀለሙን ልየው ብዬ ነው» ይላል። ሻጩ ይህን መመለስ ገና ሲሄድ ነበር ያየው።

ይህ የእኛ ብቻ በሽታ ነው እንዳትሉ። ቦስተን ውስጥ ፋይሊንስ የተባለው ትልቅ መደብር እ.ኤ.አ. በ1909 ምድር ቤቱን የርካሽ ዕቃ መሸጫ አድርጎ ነበር። ሕጉ ጽኑ ነበር፤ ዕቃው የተወሰነ ቀን ሳይሸጥ ከቆየ ዋጋው በራሱ በ25 ከመቶ ይወርዳል፣ ከዚያ በ50፣ ከዚያ በ75፣ በመጨረሻ ለበጎ አድራጎት ይሰጣል። አሜሪካኖቹ ምን አደረጉ? የወደዱትን ቀሚስ ማንም በማይደርስበት ጥግ፣ ከሌላ ዓይነት ዕቃ ሥር ሸሽገው ዋጋው እስኪወርድ መጠበቅ ጀመሩ። በየቀኑ መጥቶ ቀሚሱን የሚጎበኝ ሰው ስለ ጊዜው ዋጋ ቢጠየቅ ምን እንደሚል ከሞያሌው ጎረምሳ መገመት ይቻላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ምንዛሬው። ሞያሌ ላይ ርካሽነት በአብዛኛው ዕቃው ውስጥ ያለ ነገር አይደለም፤ በብርና በሽልንግ መካከል ያለ ነገር ነው። የዛሬ 20 ዓመት ገደማ አንድ ዶላር በኢትዮጵያ ባንክ ከ9 ብር በታች ነበር፤ በኬንያ ደግሞ 75 ሽልንግ አካባቢ። አንድ ብር ከስምንት ሽልንግ በላይ ያወጣ ነበር ማለት ነው። በዚያን ጊዜ ብር ይዞ ወደ ኬንያ የተሻገረ ሰው ሽልንግን እንደ ሳንቲም ማየት ለመደ። «አምስት መቶ ሽልንግ» ሲባል ስልሳ ብር አይሞላም ብሎ ደረቱን ይነፋል። ያ ትውልድ ልጆቹን ያሳደገው «ኬንያ ርካሽ ነው» እያለ ነው። ልጆቹም ለልጆቻቸው አስተላለፉ።

መሀል ላይ ብሩ ዝም ብሎ ሲወርድ ነበር። ቀስ እያለ ስለነበር ብዙው ሰው አላየውም፤ ያየውም ምንዛሬውን እንጂ «ኬንያ ርካሽ ነው» የሚለውን እምነቱን አላረመም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሬውን ለገበያ ሲለቀው ደግሞ 57 ብር ግድም የነበረው የባንክ ዶላር በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ዛሬ አንድ ብር አንድ ሽልንግ እንኳ አይሞላም። አንድ ጥቅም አለው፤ ሂሳቡ ቀሏል። የሽልንጉን ዋጋ አይታችሁ እንዳለ «ብር» ማለት ነው፤ ትንሽ ጨምሩበት እንጂ። ያም ሆኖ ማባዛት ማካፈል የማይጠይቀውን ይህን ስሌት ማንም ሊሠራው አይፈልግም። አያቱ በአንድ ብር ስምንት ሽልንግ የመነዘሩለት ሰው ጭንቅላቱ ውስጥ ያለው የምንዛሬ ሰሌዳ እስካሁን አልተቀየረም።

ወዲያኛው ወገንም በተራው ይሳሳታል፤ ይህን ሳልጽፍ ባልፍ አድልዎ ይሆንብኛል። ብሩ ከወረደ ወዲህ ኬንያዊው ጎረቤታችን ኪሱ ውስጥ ያለው ሽልንግ ያበጠ መስሎት እየተሻገረ ምሳውን በሰፊው ያዛል። ሦስት ማኪያቶ ጠጥቶ፣ ባጃጅ ተከራይቶ፣ ሽንኩርቱን ጭኖ ሲመለስ በቤቱ በር ከሚሸጠው ሽንኩርት ምን ያህል እንዳተረፈ ጠይቁት። «ርካሽ ነው!» ይላችኋል እንጂ ቁጥር አይነግራችሁም። ርካሽ ነገር ቁጥር አይወድም።

በነዳጁ ደግሞ እንየው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023 ናይሮቢ ውስጥ የአንድ ሊትር ቤንዚን ይፋዊ ዋጋ 211 ሽልንግ ከ64 ሳንቲም ደርሶ ነበር። በእኛ በኩል ያኔ 75 ብር ግድም ነበር። በባንክ ምንዛሬ ሁለቱንም ወደ ዶላር ቀይሩት፤ ልዩነቱ ያን ያህል አልነበረም። ነገር ግን ሞያሌ ላይ ማንም በባንክ ምንዛሬ አያስብም። በጥቁር ገበያው ዶላር ከ100 ብር በላይ በነበረበት ጊዜ ያው 75 ብር ግማሽ ያህል ዋጋ ሆነ፤ በዚያው ቅጽበት ጀሪካን እግር አወጣ። በሞተር ሳይክል፣ በአህያ፣ በሌሊት ተጓዘ። የነዳጅ ድጎማው ከ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ቀስ በቀስ መነሣት ቢጀምርም የቀረውን ልዩነት ሲከፍል የቆየው የኢትዮጵያ መንግሥት ነው፤ መንግሥት ማለት ደግሞ ማደያ ላይ ሰዓታት ተሰልፎ «አልቋል» የተባለው ታክሲ ነጂ ነው። ኬንያው ሞያሌ ላይ ነዳጁን የገዛው ሰው «ርካሽ አገኘሁ» ሲል እውነቱን ነው። የሰልፉን ዋጋ የከፈለለት ሰው አዲስ አበባ ውስጥ እንዳለ ግን አያውቅም፤ ቢያውቅም አመሰግናለሁ ብሎ አይደውልለትም።

በተቃራኒው አቅጣጫ ደግሞ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ላይ መንግሥት ውጭ ምንዛሬ ለመቆጠብ ብሎ 38 ዓይነት ሸቀጦች ከባንክ ዶላር እንዳያገኙ ከለከለ፤ የቤት መኪና፣ ውስኪ፣ ሽቶ ይገኙበታል። ከድንበር አካባቢ ሆኖ ለሚያይ ሰው ዝርዝሩ ክልከላ ሳይሆን የግዢ ማስታወሻ ይመስል ነበር። ክልከላው በ2016ቱ የምንዛሬ ማሻሻያ ተነሣ፤ መንገዱን የለመደ እግር ግን በማሻሻያ አይታጠፍም።

በዚህ ሁሉ ትርምስ ውስጥ ምስጋና የሚገባው አንድ ርካሽ ነገር ቢኖር መብራት ነው። ኬንያው ሞያሌ ለረጅም ጊዜ ኤሌክትሪክ ያገኘው ከኢትዮጵያ መስመር ነው። በአገር ደረጃም ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ከወላይታ ሶዶ እስከ ኬንያዋ ሱስዋ ድረስ በተዘረጋው ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ መስመር ኬንያ 200 ሜጋ ዋት መግዛት ጀምራለች፤ የተስማሙበት ዋጋ በኪሎ ዋት ሰዓት 6.5 የአሜሪካ ሳንቲም ነው። ይህን ለመግዛት ማንም ሰባት መቶ ኪሎ ሜትር አልተሳፈረም፤ ማንም ፊቱን አላጨፈገገም። ሁለት አገሮች ተቀምጠው ለ25 ዓመት ተፈራረሙ። ብርድ ልብስ እንዲህ ቢሸጥ ግን ማን ይገዛው ነበር?

ብርድ ልብስ ካልን ገዢው ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ እንከተለው። መጀመሪያ የሚጠብቀው አውቶቡሱ ነው። የያቤሎ ሙቀት በመስኮት እየገባ፣ ግማሽ ያህሉ ተሳፋሪ ጭኑ ላይ አዲስ ብርድ ልብስ ዘርግቶ ይጓዛል። ከኋላ የተቀመጠች ነጋዴ ወደ ፊት እየተጠጋች፣ «ወንድሜ፣ እባክህ ኬላ ስንደርስ ይቺን የራሴ ናት በልልኝ» ትላለች። እሺ ይላል፤ ማን እምቢ ይላል? ኬላው ላይ ፈታሹ ይገባል።

«ወንድም፣ ይሄ የማነው?»

«የኔ።»

«ያኛውስ?»

«እሱም የኔ ነው።»

«ሁለት ብርድ ልብስ ምን ያደርግልሃል?»

«ብርዳም ነኝ» ይላል፣ ላቡን በእጁ ጠርጎ።

ፈታሹም ይህን መልስ የሰማው ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ አይደለም።

ብርድ ልብሱ ቤት እስኪደርስ ብዙ ዋጋ ይኖረዋል። ለፈታሹ የሚነገረው ዋጋ ከሁሉም ያነሰ ነው፤ ሻጩ በልመና የሰጠው ያህል። ለሚስት የሚነገረው ከዚያ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ብልህ ገዢ መባልን ያህል ዝቅ፣ ጥራቱ እንዳይጠረጠር ያህል ከፍ። ጎረቤት «ውይ ሲያምር! ለኔም አንድ ባመጣህልኝ» ያለች እንደሆነ ዋጋው በአንድ ጊዜ ይዘላል፤ ምክንያቱም ብርድ ልብሱን ሊሸጥላት አስቧል። እውነተኛው ዋጋ፣ ማለትም ከአውቶቡስ፣ ከአልጋ፣ ከምሳና ከሁለት ቀን ሥራ መቅረት ጋር የተደመረው፣ ለማንም አይነገርም። ሌላው ዓለም ውድ ዕቃ ገዝቶ ዋጋውን ከፍ አድርጎ ይኩራራል ይባላል፤ እኛ ዝቅ አድርገን ነው የምንኩራራው። «ስንት የገዛሁት ይመስልሃል? ገምት እስቲ!» ሲባል በልኩ የገመተ ሰው ወዳጅነቱን ያጣል። የሚጠበቅበት ከፍ አድርጎ ገምቶ፣ መልሱን ሲሰማ አፉን መያዝ ነው።

ስልክ የገዛ ደግሞ የራሱ መከራ አለው። «ኦርጂናል ነው?» ሲባል፣ «ኦርጂናል ኮፒ ነው» ይላል። ይህን መልስ ሰምቶ ራሱን እየነቀነቀ «አሃ፣ እንደሱ ከሆነ ጥሩ ነው» የሚል ሕዝብ ውስጥ ስለምኖር እኔም ራሴን እነቀንቃለሁ። ስልኩ በሦስተኛው ሳምንት ሲጠፋ ዋስትናው ሞያሌ ነው። ዋስትናውን ለማስከበር ደግሞ ያው 770 ኪሎ ሜትር አለ፤ ባለቤቱም ይሄዳል፣ «በዚያው ብርድ ልብስም አመጣለሁ» ብሎ።

የማያስቅም ርካሽ አለ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቦረና አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ከሸፉ። ሣር ጠፋ፤ ውኃ ጠፋ፤ ከብቱ መቆም አቃተው። በደጉ ጊዜ ባለቤቱ ስሟን ጠርቶ የሚያሰማራት ላም ገበያ ላይ ተደግፋ ቆማ፣ የተጠየቀውን ሳይሆን የተሰጠውን ዋጋ አወጣች። በሌላው ጥግ የበቆሎ ዋጋ ሽቅብ ይሄዳል። አርብቶ አደሩ ላሙን በወደቀ ዋጋ ሸጦ በተሰቀለ ዋጋ እህል ገዛ፤ ከሁለቱም በኩል ተቆረጠ። በዚያ ሰሞን ከገበያው ሲመለሱ «ከብት እንዴት ረክሷል መሰላችሁ!» እያሉ በደስታ የሚያወሩ ገዢዎች ነበሩ። ክፋት ይመስለኛል አልልም፤ ዋጋ ብቻ እያዩ ሻጩን አለማየት ነው። «ለምን ረከሰ?» ብሎ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው፤ ዋጋ ሲወደድ የምንጠይቀውን ያህል ሲረክስ አንጠይቅም። ሲወደድ ነጋዴውን እንረግማለን፣ መንግሥትን እናማለን፣ ሰልፍ እንወጣለን። ሲረክስ ዕድላችን ነው እንላለን።

እንግዲህ ይህን ሁሉ አንብቦ «ቢሆንም አንድ ጊዜ ሄጄ ልየው» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ሂዱ፤ አገር ማየት ጥሩ ነው፣ የሞያሌም ሰው እንግዳ ተቀባይ ነው፣ የኬንያው ሻይ በወተትም ይጠጣል። መንገድ ስትሻገሩ መኪናው ከየት በኩል እንደሚመጣ ሁለት ጊዜ እዩ። ስልክ ከመግዛታችሁ በፊት መርካቶ ደውሉ። ከሁሉ በላይ ግን ስንቃችሁን በፌስታል ቋጥራችሁ ኬላውን አትለፉ። ኢትዮጵያም በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን በአዋጅ ከልክላለች፤ ቢሆንም የእኛ ሰው አሁንም ዳቦ ሲገዛ በነፃ የሚጠብቀው ዕቃ ነው። ኬንያ ግን እ.ኤ.አ. ከኦገስት 28 ቀን 2017 ጀምሮ አግዳዋለች፤ ሕጉ የሚጠቅሰው ቅጣት ከ2 እስከ 4 ሚሊዮን ሽልንግ፣ ወይም እስከ 4 ዓመት እስራት ነው።